የጮራ ክበብ የመጨረሻው ክረምት

አዳማ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ ዱሬቲ፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለቤተሰቦችሽም ይድረስ። እናትሽን ስኳሩ እንዴት አደረጋቸው? አባትሽስ አሁንም ፋብሪካ ይገባሉ? እኛ እስከ ዛሬ ደህና ነን፤ የነገውን ባለቤቱ ያውቃል።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ጫምሳ ከመተሐራ ስኳር ጭኖ ሲመለስ ልብስ ስፌት ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ስልክሽ ውሃ ገብቶበት መበላሸቱን፣ በአባትሽ ስልክ ደግሞ ስለ ቲያትር ማውራት እንደማትደፍሪ ነገረኝ። ግድ የለም፣ እንጻጻፍ። ለእኔም ወረቀት ይሻለኛል። ስልክ ላይ ድምፄ የልቤን ሁሉ ያወጣብኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ የፋሲካው ትርኢት ቀርቷል። አዳራሹ ተቆልፏል። ሰሞኑን በወጣው አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ አይቻልም፤ እኛ ደግሞ አሥራ አንድ ነን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊው፣ ጥበቃው፣ አስተማሪው፣ ተማሪው ከሥራ መልስ እየተሰበሰበ ያቆየው ክበብ በአንድ ቁልፍ ጸጥ አለ። «የአገዳው ሙሽራ»ን ጽፌ፣ መሳይ ዜማውን ሠርቶለት፣ ልብሱ ሁሉ ተሰፍቶ አልቆ ነበር። እንግዲህ ምን ይደረጋል።

የሙሽራዋን ቦታ በተመለከተ አትስጊ። ያንቺ ነው። ኮሌጁ ተከፍቶ እስክትመለሺ ሌላ ሰው አይዘፍነውም፤ እንደ መሐላ ያዢልኝ።

ሊዲ ትስምሻለች። የምትሠራበት ካፌ ስለተዘጋ ቤት ውላለች። አስሟ እንዳይነሳባት ከቤት ንቅንቅ አትበይ ብያታለሁ። «ያለ ዱሬቲ ክፍሉ ሰፋብኝ፤ ማን እየጮኸብኝ ልተኛ?» ትላለች።

እናትሽን ሳሚልኝ።

አሳየች


መተሐራ፣ ግንቦት 10 ቀን 2012

እትዬ አሳየች፣

አካም ጅርቱ? በአማርኛም ልድገመውና፣ እንዴት ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ነች፤ አባቴም ፋብሪካ ይገባል። አገዳው በሽታ አያውቅም፣ መቆረጡን አላቆመም።

ለምን አንድ ቀን ብቅ ብለሽ አትመለሺም ካሉኝ፣ ቢቻለኝ በእግሬም እመጣ ነበር። ግን የፋብሪካው ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ወጥቶ የተመለሰ ሰው አሥራ አራት ቀን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። የእናቴን መርፌ ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነኝ። አባቴ እጁ ይንቀጠቀጣል። አሥራ አራት ቀን ለማን ትቻት ልሂድ?

ዘፈኖቹን አልረሳሁም። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቦዩ ዳር ቆሜ እዘፍናለሁ። አገዳው ከቁመቴ በላይ ስለሆነ ማንም አያየኝም። ባለፈው አንድ አገዳ ቆራጭ ድምፄን ተከትሎ መጣና «እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?» አለኝ። «ማንም አልሞተብኝም፤ ሙሽራ ነኝ» ስለው ሮጦ ሄደ። እብድ መስዬው ይሆናል።

እትዬ፣ ያ ቦታ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ስመረቅ ወደ አንዱ ገጠር ትምህርት ቤት እመደባለሁ። ከዚያ በኋላ መድረክ የለም። አባቴ «ዘፋኝ ልጅ የለችኝም» እያለ ስንት ዓመት አኮረፈኝ። አንድ ቀን ከፊት ወንበር አስቀምጬው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልዘፍንለት ነበር ሕልሜ። መሐላዎን ስላነበብኩ ግን ተረጋግቻለሁ።

ሊዲን ምን ነካት? ሁለት መስመር ብቻ ጻፈችልኝ። «ደህና ነኝ፣ አይዞሽ» ይላል። ሊዲ ሁለት መስመር ጽፋ የምታቆም ልጅ ናት? ይጠይቁልኝ።

ዱሬቲ


አዳማ፣ ሰኔ 12 ቀን 2012

ልጄ ዱሬቲ፣

ዘግይቼብሻለሁና ይቅርታ። ጭምብል ስፉልን የሚለው ሰው በዝቶብኝ ከመርፌ ቀና ያልኩበት ቀን የለም። ለሙሽራዋ ሚዜዎች የገዛሁት ጨርቅ ሁሉ የሰው አፍና አፍንጫ ሸፈነ።

ሊዲ ደህና ናት። መጻፍ አልሆንልሽ ብሏታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። የዘንድሮ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ የሚያወራው ነገር አለቀበት።

ልምምድ አለ ወይ ካልሽ፣ እንዲያው ሰውነታችን እንዳይዝግ ያህል አራት አራት እየሆንን የእህል መጋዘን ውስጥ እንገናኛለን። ለእንቁጣጣሽ ሊፈቀድ ይችላል የሚል ወሬ አለ። ያንቺን ዘፈኖች መሳይ በኪቦርድ ብቻ ያልፋቸዋል። ሰማያዊውን የሙሽራ ቀሚስሽን ስፈታው ጫምሳ አይቶ ነግሮሽ ከሆነ፣ ስፌቱ ላልቶ ስለነበር ነው።

ስለ እናትሽ መርፌ የጻፍሽውን ሳነብ አለቀስኩ። ተባረኪ። መምጣት አልቻልኩም ብለሽ አትዘኚ፤ እዚህ የሚያመልጥሽ ነገር የለም።

አሳየች


መተሐራ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2012

እትዬ፣

በሰኔ መጨረሻ በተነሳው ሁከት መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ሳልጽፍልዎ ቆየሁ። በሕይወት አለን።

ትናንት ጫምሳ መጣ። ደስ የሚለኝ መስሎት ነው የነገረኝ፤ እሱ ምን ያውቃል? «እሑድ መጋዘኑ ጋ ስኳር ሳራግፍ የናንተ ሰዎች በሙሉ ነበሩ» አለኝ። «አሥር ይሆናሉ። ጓደኛሽ ሊዲ ያን አንቺ ሁልጊዜ የምታንጎራጉሪውን ዘፈን ስትዘፍን ሰማኋት። ሰማያዊው ቀሚስ ደግሞ ልክክ ብሎባታል!»

ስፌቱ ላልቶ ነው አላሉኝም ነበር? እዚያ የሚያመልጥሽ ነገር የለም አላሉኝም?

እትዬ፣ ይማሉልኝ ብዬ አልጠየቅኩዎትም። ራስዎ ነዎት የማሉት። እዚያው በመጀመሪያው ደብዳቤዎ «ዱሬቲ፣ አንቺ መምጣት ስለማትችይ ለሊዲ ሰጥቼዋለሁ» ቢሉኝ ሁለት ቀን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን ቦዩ ዳር ለራሴ ስዘፍን የከረምኩት እንደ ሞኝ ነው።

አብሮት ያለው የታሸገ ፖስታ ለሊዲ ነው። እርስዎ እንዳይከፍቱት። ለእሷ የምለው አለኝ።

ዱሬቲ


አዳማ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2012

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ብትቆጪኝ አይፈረድብሽም። መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ዋሽቼሻለሁ። ተገናኝተን ዓይንሽን እያየሁ ምክንያቴን እነግርሻለሁ፤ በወረቀት ሰበብ ይመስልብኛል።

በሊዲ ግን አትፍረጂ። በእሷ ላይ የያዝሽውን ቂም ወደ እኔ አዙሪው፤ እኔ ልሸከመው።

እሷ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዟታል። ለዚህ ነው ያልጻፈችልሽ። እኔንም ሰሞኑን እያሳለኝ ነው፤ ክረምቱ ከብዷል። ልምምዱን አቁመናል።

ዛሬ እጄ ስለደከመ በዚህ ይብቃኝ።

አሳየች


መተሐራ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2012

እትዬ አሳየች፣

ሳልዎ እንዴት ሆነ? ዝንጅብል በማር ይጠጡ፣ ቸል አይበሉት።

ያለፈውን ደብዳቤ በንዴት ነው የጻፍኩት። የእርስዎን ለመርሳት ሞክሬያለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ለሊዲ የላክሁት ነው። እትዬ፣ እጅግ ክፉ ነገር ጽፌባታለሁ። ለእናቴ ብነግራት ራሷን ይዛ «ይህን ለሰው ልጅ ይጽፋሉ?» አለችኝ።

እስካሁን ካልሰጧት እባክዎ ይቅደዱት። ሰጥተዋት ከሆነ ደግሞ አንብባው ምን አለች? አለቀሰች? ሰደበችኝ? ብትሰድበኝ ደስ ይለኛል። እንኳን ሰማያዊውን ቀሚስ መድረኩንም ትውሰደው። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ከተፈቀደላችሁ እሷ ትዝፈን፤ እኔ ከተቻለኝ አባቴን ይዤ መጥቼ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ይህንን ይንገሩልኝ። ቃል በቃል ይንገሩልኝ።

ጉንፋኗስ ለቀቃት? በሁለት መስመርም ቢሆን ትጻፍልኝ። ጫምሳን ስለ እሷ ስጠይቀው ፊቱን ያዞራል። ምን ነገራችሁት?

ዱሬቲ


አዳማ፣ መስከረም 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ዱሬቲ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። እናትሽ አጠገብሽ ይሁኑ።

ሊዲ የለችም። ነሐሴ 12 ቀን፣ በፍልሰታ፣ ማክሰኞ ማለዳ አረፈች። ያ የመጨረሻ ደብዳቤሽ ሲጻፍ ከተቀበረች ስድስት ቀኗ ነበር። ጫምሳን እንዳይነግርሽ የለመንኩት እኔ ነኝ። የእናትሽን መርፌ የያዘ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው አልኩት። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ግንቦት እንደገባ ለእንቁጣጣሽ ይፈቀዳል የሚል ወሬ ሲመጣ ልቤ ተነሳ። ስልሳ ልሞላ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍቼ፣ የእኔ የምለው ነገር ያ ድራማ ብቻ ነው። ሳይታይ እንዳልሞት ፈራሁ። ሊዲን ጠርቼ ቦታውን ያዢ አልኳት። «የዱሬቲ ነው፤ አልነካም» አለችኝ። ሦስት ጊዜ እምቢ አለች። ለጊዜው ነው፣ ለዱሬቲ እኔ ራሴ እጽፍላታለሁ ብዬ አግባባኋት። ሰኔ ላይ «ነገሯት?» ስትለኝ «ነግሬያታለሁ፣ አልተቀየመችም» አልኳት። ከዚያ በፊት ግን ለአንቺ ምን ብላ ትጻፍ? መዋሸት አትችልም፣ እውነቱን ደግሞ እኔ ከልክያታለሁ። ሁለት መስመር የሆነባት ለዚህ ነው።

ሐምሌ 19፣ እሑድ፣ ሁላችንንም በአንድ ላይ የጠራሁ እኔ ነኝ። አሥር ሆነን ነበር። ጫምሳ አራግፎ ከወጣ በኋላ መጋዘኑን ሰው እንዳይሰማን ዘግተነው ነበር። መሳይ ጭምብል አድርገን እንዝፈን ሲል፣ ድምፁ ይታፈናል ብዬ ያስወለቅሁ እኔ ነኝ። በሳምንቱ አምስታችን ታመምን። እኔም ታመምኩ። አራታችን ተነሳን። አስም እንዳለባት የማውቃት ልጅ አልተነሳችም።

ሐምሌ 30 ወደ ለይቶ ማቆያው ወሰዷት። ለእሷ የላክሽው ፖስታ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ወረቀት አያስገቡም ነበርና በስልክ ላነብላት ብዬ ከፈትኩት። አይክፈቱት እንዳልሽ አውቃለሁ። «ድሮስ አንድ ዘፈን የሚያስጨርስ ትንፋሽ መቼ አለሽ» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ስልክ ይዛላት ደወለችልኝ። ቃል ለቃል እየተነፈሰች ነው የምታወራው። ስለ እናቷ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ዱሬቲ አልጻፈችም?» አለችኝ። እጄ ደብዳቤሽ ላይ ነበር።

«አልጻፈችም» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን አልሰማሁም።

የቀበሯት የፕላስቲክ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው፣ ወለንጪቲ፣ ሰፈሯ ባለው ቤተ ክርስቲያን። ከእኛ ማንም እንዲሄድ አልተፈቀደም።

ይኸው ነገርኩሽ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም።

አሳየች


መተሐራ፣ መስከረም 14 ቀን 2013

እትዬ አሳየች፣

ደብዳቤዎን ለአሥር ቀን ደጋግሜ አነበብኩት። እናቴ ደብቃብኝ ነበር፤ ፈልጌ አወጣሁት።

ስለ መጋዘኑ አልወቅስዎትም። እኔም ብሆን በዚያ እሑድ ቢጠሩኝ ኖሮ ሮጬ እመጣ ነበር፤ ጭምብሌንም አውልቄ ከሁሉም በላይ እጮህ ነበር። ደብዳቤዬን ስላላነበቡላትም እግርዎን እስማለሁ። ያንን ሰምታ ብትሞት እኔ እንዴት እኖር ነበር?

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልኝ አለ። ለእኔ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዋሽተውኛል። ስለ ቀሚስ ዋሹ፣ ስለ ኪቦርድ ዋሹ፣ ስለ ጉንፋን ዋሹ። ለእሷም «ዱሬቲ አልተቀየመችም» ብለው ዋሽተዋት ነበር። ታዲያ በዚያች ቀን፣ በዚያች አንዲት ቀን፣ «አዎ ጽፋልሻለች፣ ናፍቀሻታል» ብሎ መዋሸት እንዴት አቃተዎት? ሦስት ቃል ነው እኮ! ውሸት አልቆብዎት ነበር?

«እሺ» ብላ ሄደች። እንደረሳኋት አድርጋ ሄደች።

ከእንግዲህ የምጽፍልዎት አይመስለኝም።

ዱሬቲ


አዳማ፣ መስከረም 21 ቀን 2013

ልጄ፣

እውነትሽን ነው። ያን ቀን በአንቺ ተቆጥቼ ነበር። ስለ ትንፋሿ ከጻፍሽው በኋላ ደግ ቃል በስምሽ ማቀበል ምላሴ አልፈቀደልኝም። በአንቺ ላይ የፈረድኩ መስሎኝ በእሷ ላይ ፈረድኩባት። ከሌላው ጥፋቴ ሁሉ ይሄኛው ይከብዳል፤ አንቺ ባትጽፊውም አውቀው ነበር።

ክበቡን አፍርሻለሁ። የቀሩት ልጆች እንቀጥል አሉኝ፤ እኔ አልችልም።

የሊዲን እናት፣ ወይዘሮ ማርያምን፣ ላስተዛዝን ባለፈው ቅዳሜ ወለንጪቲ ሄጄ ነበር። ቤቱን ሰው አሳየኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከመንገዱ ማዶ ብዙ ቆምኩ። ምን ብዬ ነው የምገባው? ልጅሽን የጠራኋት እኔ ነኝ ብዬ? ሳልሻገር ተመለስኩ።

ባትጽፊልኝም እናትሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ።

አሳየች


ወለንጪቲ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2013

እትዬ አሳየች፣

አልጽፍልዎትም ብዬ ነበር። ይኸው ጻፍኩ።

ኮሌጁ ተመለሱ ብሎ ጠርቶናል። የእናቴን መርፌ አክስቴ መጥታ ተረከበችኝ። አባቴ መኪና ድረስ ሸኘኝ። ስለ ሊዲ እናቴ ነግራዋለች መሰለኝ፣ ሻንጣዬን እያቀበለኝ «መጀመሪያ የልጅቷ እናት ጋ ሂጂ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኔም አዳማ ከመድረሴ በፊት እዚህ ወረድኩ።

እማማ ማርያም በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ከሲታ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ሊዲን ቁርጥ። «ማነሽ?» አሉኝ። «ዱሬቲ ነኝ፤ ከሊዲ ጋር አንድ ክፍል የምንኖር» ስላቸው ሰፌዱን አስቀመጡና ቆሙ። ግን አልቀረቡኝም። «በሽታው የነበረበት ቤት ነው፤ አትፈሪም?» አሉኝ። እኔ ሄጄ አቀፍኳቸው። ነጠላዬን ጨብጠው አልለቀቁኝም። ከተቀበረች ጀምሮ ማንም ነክቷቸው አያውቅም።

ድንኳን አልተተከለላቸውም። እድሩ አልመጣም፣ ተከልክሏል ብሎ። ክልከላው ከተነሳ በኋላም ጎረቤቱ በሩቁ እጅ እየነሳ ያልፋል እንጂ አይገባም። ከሰፈሩ ቧንቧም ሴቶቹ ቀድተው እስኪጨርሱ ጠብቀው ነው የሚቀዱት። ልጃቸውን ለብቻቸው ነው ያለቀሷት።

ገና ሳልቀመጥ ልናገር አልኩ፤ ካደረ የምፈራ መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በአንድ ቀሚስና በአንድ ዘፈን እንደቀናሁባት፣ ምን ብዬ እንደጻፍኩባት፣ ስለ ትንፋሿ ያልኩትን ሳይቀር በዚያው ቃሉ ነገርኳቸው። ስጨርስ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር። ውጪልኝ ተብዬ እንድባረር ተዘጋጅቼ ነበር።

እማማ ማርያም ሰፌዱን አነሱ። ከዚያ «እሷስ አልሰማችውም አልሽ?» አሉ።

«አልሰማችውም።»

«እንዲህ አድርጋ አናደደችሽ በይ፤ ወኔ ነበራት ማለት ነው። እዚህ እኮ ዝምተኛ ነበረች» አሉኝ። ቀጥለው «ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፤ ስሟን የሚጠራ ሰው ደጄን አልረገጠም። ክፉም ቢሆን ግድ የለም፣ ስለ ልጄ አውሪኝ» አሉ።

አወራኋቸው። አዳማ መናኸሪያ ሻንጣዋ ተበጥሶ ልብሷ ሲበተን ካገኘኋት ቀን ጀመርኩ። ስትስቅ አፏን በነጠላ እንደምትሸፍን፣ የካፌው ደንበኞች ምን ብለው እንደሚጠሯት፣ መጀመሪያ መድረክ ላይ ስትወጣ ቃሉን ረስታ ራሷ ገጥማ እንደሞላችው። እየሳቁ ያለቅሳሉ። እንዲህ ስናወራ ይኸው ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ነገ ኮሌጅ መግባት አለብኝ።

ትናንት ግን ኮሌጁ የተዘጋበት መጋቢት ላይ ስንደርስ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ እኔ አልነበርኩም። እማማ ማርያም «ከዚያስ?» አሉኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። እንዴት እንደዘፈነችው፣ ቀሚሱን ስትለብስ ፊቷ ምን እንደሚመስል፣ ስታስል ማን ውሃ እንዳቀበላት፣ ምን እያለች እንደምትስቅ አላውቅም። ያንን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ነግሬያቸዋለሁ እትዬ። መጋዘኑን፣ ጭምብሉን፣ ስልኩን፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው እንደተመለሱም ጭምር። ይቅር ብያታለሁ አላሉም፤ እኔም አላልኩም፣ እንዳልዋሽዎት። ያሉት «ትምጣና ትጨርስልኝ» ነው።

ይምጡ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በረንዳቸው ላይ ናቸው።

ዱሬቲ